ሪኮምቢናንት አንቲቦዲ ለምርምርና ለምርመራ መሣሪያ፦ የትኛው ቅርጽ፣ የትኛው ህዋስ?

አንቲቦዲ የሰውነት መከላከያ ሥርዓት ዒላማውን ለይቶ የሚይዝበት ፕሮቲን ነው፤ ሪኮምቢናንት የሚባለው ደግሞ ጂኑ ታውቆ በተመረጠ ህዋስ ውስጥ የሚመረተው ነው። ሪኮምቢናንት አንቲቦዲ ለማምረት የተነሳ ቤተ ሙከራ አብዛኛውን ጊዜ ክርክሩን የሚጀምረው ከህዋሱ ነው። አንዱ ኢ.ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ርካሽ ነው ይላል፤ ሌላው የእንስሳት ህዋስ ካልሆነ አይሆንም ብሎ ይሟገታል፤ ሦስተኛው ከአንድ ሊትር ስንት ግራም እንደሚገኝ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ይዞ ይመጣል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ በዚህ መንገድ የተመረጠ ህዋስ ሥራው መሀል ላይ ሲደርስ ጣጣ ያመጣል። ለአንቲቦዲው ተገቢውን ቅርጽ የሚወስነው የሚውልበት ሥራ ነው፤ ተገቢውን ህዋስ የሚወስነው ደግሞ ቅርጹ ነው። ስለዚህ ንጽጽሩን ከዚያው ከሥራው እንጀምር። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በሃይብሪዶማ መቀጠል ወይስ መሸጋገር?

ጆርጅ ኮህለርና ሴዛር ሚልስታይን በ1975 ካምብሪጅ ውስጥ የአይጥን ቢ ህዋስ (አንቲቦዲ የሚያመነጨውን) መባዛቱን ከማያቆም የካንሰር ህዋስ ጋር አዋህደው ሃይብሪዶማን ሠሩ። አንድ ዓይነት አንቲቦዲ ያለማቋረጥ የሚያመነጭ ምንጭ በዚህ ተገኘ፤ በ1984ም የኖቤል ሽልማትን ከኒልስ የርነ ጋር ተጋሩ። ዘዴው ዛሬም ይሠራል። ነገር ግን ሃይብሪዶማ ሕይወት ያለው ነገር ነው። ከፈሳሽ ናይትሮጅን ወጥቶ ሲቀልጥ ላይነሳ ይችላል፤ ክሮሞሶም ጥሎ ማመንጨቱን ሊያቆምም ይችላል። ከሁሉ የሚብሰው ሳይታወቅ የሚኖረው ጉድለት ነው። በ2018 የታተመ አንድ ጥናት 185 ሃይብሪዶማዎችን መርምሮ፣ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከሚጠበቁት አንድ ከባድና አንድ ቀላል ሰንሰለት (አንቲቦዲ ከሚገነባባቸው ሁለት የፕሮቲን ዓይነቶች) ሌላ ተጨማሪ ሰንሰለት እንደሚያመርቱ አሳይቷል። ይህ ማለት ከማሰሮው የሚወጣው አንቲቦዲ ከፊሉ ዒላማውን በትክክል የማይዝ ቅይጥ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

በሪኮምቢናንት መንገድ የሁለቱ ሰንሰለቶች የዲኤንኤ ቅደም ተከተል ይታወቃል፤ ፕላዝሚድ በሚባል ክብ ዲኤንኤ ላይ ይጫናል፤ ከዚያም በተመረጠ ህዋስ ውስጥ ይመረታል። ምንጩ ጽሑፍ እንጂ ህዋስ ስላልሆነ፣ ማቀዝቀዣው ቢበላሽ እንኳ ጂኑን እንደገና አሠርቶ ያንኑ አንቲቦዲ ማምረት ይቻላል። በ2023 ይፋ የሆነ ሰፊ ፍተሻ፣ ከነርቭ ሥርዓት ጋር የተያያዙ 65 ፕሮቲኖችን ለመለየት ገበያ ላይ የዋሉ 614 አንቲቦዲዎችን ዒላማቸው ሆን ተብሎ ከጠፋባቸው ህዋሳት ጋር እያነጻጸረ ፈትኗል። በአማካይ የተሻለ ውጤት ያሳዩት ሪኮምቢናንቶቹ ናቸው። ይህን ውጤት ከልክ በላይ መለጠጥ ግን አይገባም። መጥፎ አንቲቦዲ ቅደም ተከተሉ ስለታወቀ ጥሩ አይሆንም፤ መጥፎነቱ በየምርቱ ሳይለዋወጥ ይቀጥላል እንጂ።

የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ገና እጩዎችን ለማጣራት በሚደረገው የመጀመሪያ ዙር ሃይብሪዶማ በቂ ነው። ተመርጦ ለዓመታት የሚያገለግል፣ ውጤቱም የሚታተም ወይም በመመርመሪያ ውስጥ የሚገባ ከሆነ ግን ቅደም ተከተሉ ዛሬ ነገ ሳይባል መነበብ አለበት። ህዋሱ ከሞተ በኋላ የሚነበብ ነገር የለም።

ቅደም ተከተሉ ከየት ይመጣል?

ሦስት ምንጮች አሉ። የመጀመሪያው በእጅ ያለ ሃይብሪዶማ ነው፤ ርካሽና ፈጣን ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚጠይቅ አንድ ነገር አለ። ከብዙዎቹ ሃይብሪዶማዎች ጋር የተዋሃደው የካንሰር ህዋስ ሞፕክ 21 ከሚባል የቆየ የአይጥ ዕጢ የወረሰው የተበላሸ የካፓ ቀላል ሰንሰለት አለው። ሰንሰለቱ ፕሮቲን አይሆንም፤ መልእክቱ ግን በብዛት ስለሚገለበጥ ንባቡን ያጨናንቃል። ስለዚህ የደረሰዎት የቀላል ሰንሰለት ንባብ መሀሉ ላይ ተዛንፎ በማቆሚያ ምልክት የሚቋረጥ ከሆነ፣ የእርስዎ አንቲቦዲ ሳይሆን ያ አሮጌ ሰንሰለት ነውና ተጨማሪ ቅጂዎች ይነበቡ።

ሁለተኛው ክትባት ከተሰጠው እንስሳ አንድ አንድ ቢ ህዋስ ለይቶ ማንበብ ነው። በተለይ ጥንቸል ጠንካራ አንቲቦዲዎችን ትሰጣለች። በሰውነት ውስጥ የበሰለ አንቲቦዲ ገና ከመነሻው የመያዝ ጥንካሬው ከፍ ያለ ስለሚሆን በኋላ ብዙ ማሻሻል አይጠይቅም።

ሦስተኛው የፋጅ ክምችት ነው። ጆርጅ ስሚዝ በ1985 ባሳየው መንገድ ባክቴሪያን የሚያጠቃ ቫይረስ ገላው ላይ ፕሮቲን እንዲሸከም ይደረጋል፤ ግሬጎሪ ዊንተር መንገዱን ለአንቲቦዲ አዋለው፤ ሁለቱም በ2018 ከኖቤል ተሸላሚዎች መካከል ነበሩ። ፋጅ የሚመረጥበት ትልቁ ምክንያት ምርጫውን በእጅ መምራት መቻሉ ነው። ተመሳሳይ ፕሮቲንን የሚይዙትን አስቀድሞ አስወግዶ፣ የሚፈለገውን ብቻ የሚይዙትን ማስቀረት ይቻላል። እንስሳውን የሚገድል መርዝ ወይም በሁሉም እንስሳት ዘንድ አንድ ዓይነት የሆነ ፕሮቲን ዒላማ ሲሆን ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም። የአውሮፓ ኅብረት ለእንስሳት ሙከራ አማራጭ የሚያፈላልገው ማጣቀሻ ቤተ ሙከራም በ2020 ከእንስሳት ያልተገኙ አንቲቦዲዎች ሥራ ላይ እንዲውሉ መክሯል።

ቅርጹን መምረጥ

ሙሉው አይጂጂ፣ የተለመደው የአንቲቦዲ ዓይነት፣ 150 ኪሎዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) ያህል ይመዝናል። ሁለት ክንዶች አሉት፤ ከታች ደግሞ ኤፍሲ የሚባለው ግንድ አለው። ለዌስተርን ብሎት (ፕሮቲኖችን በጄል ለይቶ ለሚያሳየው ሙከራ)፣ ለኤላይዛ (በሳህን ላይ በቀለም ለሚለካው)፣ ለህብረ ህዋስ ቀለም ሥራ ይህን ቅርጽ ትቶ ሌላ የሚፈልግ ሰው ምክንያቱን ማስረዳት አለበት ብዬ አምናለሁ። ሁለቱ ክንዶች በአንድ ጊዜ ሲይዙ አጠቃላይ ጥንካሬው ይጨምራል፤ ገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ ሁለተኛ አንቲቦዲዎች (የመጀመሪያውን ይዘው ምልክት የሚሰጡት) ይህን ግንድ ያውቁታል፤ ማጣራቱም ቀላል ነው። ሪኮምቢናንት መሆኑ እዚህ ላይ ሌላ ጥቅም ይጨምራል። ዒላማውን የሚይዘውን ክፍል ሳይነኩ ግንዱን ከአይጥ ወደ ጥንቸል ወይም ወደ ሰው መቀየር ይቻላል። ሁለት የአይጥ አንቲቦዲዎችን በአንድ ስላይድ ላይ በሁለት ቀለም ማየት ያቃተው ተመራማሪ አንደኛውን ወደ ጥንቸል ግንድ ሲያዛውር ችግሩ ይፈታል።

ፋብ አንዱ ክንድ ብቻ ነው፤ 50 ኪሎዳልተን ገደማ ይሆናል። ግንድ ስለሌለው እንደ ማክሮፋጅ ያሉ ኤፍሲን የሚቀበሉ ህዋሳት ላይ አላግባብ አይለጠፍም። በሰው ደም ላይ በሚሠራ ምርመራ ውስጥ ያለው ጥቅም ሰፊ ነው፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ነጠላ ሰንሰለት የሚባለው ቁራጭ የሁለቱን ሰንሰለቶች ጫፍ አብዛኛውን ጊዜ 15 አሚኖ አሲድ በሚያህል ማያያዣ ያገናኛል። ክብደቱ 27 ኪሎዳልተን ያህል ነው። ከፋጅ ክምችት የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው። ለፍለጋ ድንቅ ነው፤ ለአገልግሎት ግን አልመክረውም። ሁለቱ ጫፎች እርስ በርስ በደንብ ስለማይተሳሰሩ ሞለኪውሎቹ ይደራረባሉ፤ ይጓጎላሉ። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው፤ በተመረተበት ሳምንት ንጹሕ የነበረው ቁራጭ ከጥቂት ወራት በኋላ ግማሹ ተጓጉሎ ሊገኝ ይችላል። ከፋጅ የተገኘውን እጩ ወደ ሙሉ አይጂጂ ወይም ወደ ፋብ ማዛወርና ከተዛወረ በኋላ እንደገና መፈተሽ ያስፈልጋል። አንዳንዱ ሲዛወር ይጠነክራል፤ አንዳንዱ መያዙን ያጣል።

ናኖቦዲ ከሁሉም ያነሰ ነው፤ 15 ኪሎዳልተን ገደማ። በ1993 የቤልጅየም ተመራማሪዎች ግመሎች ቀላል ሰንሰለት የሌላቸው አንቲቦዲዎች እንዳሏቸው ይፋ ሲያደርጉ ነው መንገዱ የተከፈተው፤ ላማና አልፓካም እንዲሁ ናቸው። ሙቀትን ይችላል፤ በባክቴሪያ ውስጥ በርካሽ ይመረታል፤ አንድ ሰንሰለት ብቻ ስለሆነ ከሚያበራ ፕሮቲን ጋር ተጣምሮ በሕይወት ባለ ህዋስ ውስጥ ዒላማውን ሲከተል ሊታይ ይችላል። ድክመቱም መታወቅ አለበት። አብዛኞቹ ናኖቦዲዎች የሚይዙት የተጣጠፈ ፕሮቲን ቅርጽን ስለሆነ ፕሮቲኑ በተዘረጋበት ዌስተርን ብሎት ላይ ይደክማሉ። ትንሽነታቸውም ችግር ያመጣል። በፕላስቲክ ሳህን ላይ ዝም ብለው ሲለጠፉ የሚይዙበት ገጽ ወደ ታች ሊደፋ ይችላል፤ ቀለም በኬሚካል ሲያያዝባቸውም ልክ በመያዣው ቦታ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ስለዚህ ገና ጂኑ ሲነደፍ በጫፉ ላይ ባዮቲን የተባለውን ትንሽ ማሰሪያ ሞለኪውል የሚቀበል አጭር ማያያዣ ማካተት የጥበብ ሥራ ነው።

ህዋሱን መምረጥ

ሙሉ አይጂጂ የሚፈልግ የምርምር ቤተ ሙከራ ሌላ ምክንያት ከሌለው ሄክ 293 በተባለው ህዋስ ይጀምር። ይህ ህዋስ በ1973 በኔዘርላንድስ ላይደን ከተማ የተገኘ የሰው ህዋስ ዝርያ ነው። የከባዱና የቀላሉ ሰንሰለት ፕላዝሚዶች ፖሊኤትሊንኢሚን ከሚባለው ኬሚካል ጋር ተደባልቀው በፈሳሽ ውስጥ እየተናወጡ ለሚያድጉ ህዋሳት ይሰጣሉ። ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ህዋሱ አንቲቦዲውን ወደ ፈሳሹ ያወጣዋል። ከአንድ ሊትር የሚገኘው እንደ አንቲቦዲው ጠባይ ከጥቂት አሥር ሚሊግራም እስከ ብዙ መቶ ሚሊግራም ይለያያል። ለአንድ የዌስተርን ብሎት ሙከራ ማይክሮግራም እንደሚበቃ ካሰብን አንድ ሊትር ለዓመታት ይተርፋል። የሰልፈር ትስስሮቹ በትክክል ይሠራሉ፤ በግንዱ ላይ የሚቀመጠው ስኳርም ቦታውን ይይዛል። ሁልጊዜ በ30 ሚሊሊትር መጀመር ይገባል። ምርቱ አነስተኛ ከሆነ ወደ ትልቅ ዕቃ ከመሮጥ በፊት የቀላሉን ሰንሰለት ፕላዝሚድ ድርሻ ከፍ አድርጎ መሞከር፣ ካልሆነም ፕሮቲኑን ወደ ውጭ የሚመራውን አጭር ቅደም ተከተል መለወጥ ያዋጣል።

ሲኤችኦ በ1957 ከቻይና ሃምስተር እንቁልጢ የተገኘ ህዋስ ነው። ጂኑ በክሮሞሶሙ ላይ በቋሚነት ተተክሎ ምርጡ ዝርያ ሲለይ ከአንድ ሊትር ብዙ ግራም ይሰጣል። ዋጋው ጊዜ ነው፤ ዝርያውን መለየት ወራት ይወስዳል። ለምርምር ብቻ የሚያመርት ሰው ሄክን ትቶ እዚህ የሚገባበት ምክንያት አይታየኝም፤ በሁለቱ መካከል ያለው የስኳር ልዩነት ለኤላይዛ ለውጥ አያመጣም። ለዓመታት የሚሸጥ መመርመሪያ የሚሠራ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በየጊዜው ፕላዝሚድ እያዘጋጁ ከማምረት ይልቅ ከአንድ ህዋስ የተነሳ፣ በባንክ የተቀመጠና የተመዘገበ ዝርያ መያዝ የምርቱን ወጥነት ያረጋግጣል። ወደዚያ መድረስዎ የማይቀር ከሆነ እጩዎቹን ገና ከጅምሩ በሲኤችኦ ውስጥ ጊዜያዊ ምርት አድርጎ ማወዳደር ይሻላል፤ በሄክ በደንብ የተመረተ ሁሉ በሲኤችኦ ይደገማል ማለት አይደለምና።

ኢ.ኮላይ በ20 ደቂቃ ይባዛል፤ ምግቡም ርካሽ ነው። ለናኖቦዲ የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው፤ ለፋብም ይሠራል። ዋናው እንቅፋት የባክቴሪያው የውስጥ ፈሳሽ የሰልፈር ትስስር እንዲፈጠር አለመፍቀዱ ነው። ስለዚህ ፕሮቲኑ በሁለቱ ሽፋኖች መካከል ወዳለው ክፍተት እንዲላክ ይደረጋል፤ አለበለዚያ ትስስሩን በውስጣቸው እንዲፈቅዱ የተለወጡ ዝርያዎች ይመረጣሉ። ፕሮቲኑ ተጓጉሎ በባክቴሪያው ውስጥ ከተከማቸ ፈትቶ እንደገና የማጣጠፍ ሥራ ይመጣል። ባለ ሁለት ሰንሰለት ለሆነ ነገር ይህን ዕቅድ አድርጎ መነሳት አድካሚ ነው፤ በዚያ ከመቆየት ህዋሱን መቀየር ይሻላል። ሌላው ኢንዶቶክሲን፣ ከባክቴሪያው ሽፋን የሚቀር መርዛማ ነገር፣ ነው። ለኤላይዛና ለፈጣን መመርመሪያ አያስጨንቅም። አንቲቦዲውን በሕይወት ባሉ የመከላከያ ህዋሳት ላይ ለሚጨምር ተመራማሪ ግን አደገኛ ነው፤ ህዋሱ የተቆጣው በአንቲቦዲው ይሁን በባክቴሪያው ቅሪት መለየት ያቅታል።

ፒኪያ የተባለው እርሾ ናኖቦዲን በብዛት ወደ ፈሳሹ ያወጣል፤ የራሱ ፕሮቲን እዚያ ጥቂት ስለሆነ ማጣራቱ ይቀላል። ግንድ ባለው አንቲቦዲ ላይ ግን ማኖስ የበዛበት ስኳር ይደርብበታል። የነፍሳት ህዋስ ለዚህ ሥራ ከሄክ የሚበልጥበት ነገር ጥቂት ነው። የትምባሆ ዘመድ በሆነው ኒኮቲያና ቤንታሚያና ቅጠል ውስጥም አንቲቦዲ ይመረታል፤ በ2014 በኢቦላ ወረርሽኝ ጊዜ ለታማሚዎች የተሰጠው ዚማፕ የመጣው ከዚያ ነው። መሣሪያውና ልምዱ ላለው ቡድን ጥሩ ነው፤ አዲስ ጀማሪ ግን ባይሄድበት እመክራለሁ።

የምርመራ መሣሪያ የሚጠይቀው ሌላ ነው

በምርምር ውስጥ አንድ ጥሩ አንቲቦዲ ይበቃል። በሳንድዊች ምርመራ ውስጥ ግን ጥንድ ያስፈልጋል፤ አንዱ አንቲጂኑን (የሚፈለገውን ዒላማ) ይይዛል፣ ሌላው መያዙን ያሳያል። ሁለት ምርጥ አንቲቦዲዎች ጥሩ ጥንድ ላይሆኑ ይችላሉ። 10 እጩዎች ካሉ 10 በ10 አድርጎ 100 ጥምረት፣ እያንዳንዱን በሁለቱም ቦታ፣ ከራሱም ጋር ጭምር መሞከር ያስፈልጋል። አንቲጂኑ ተደጋጋሚ ክፍሎች ያሉት ከሆነ አንድ አንቲቦዲ ለራሱ ጥንድ ሊሆን ይችላል። ሪኮምቢናንት እዚህ ላይ የሚረዳው አሥሩንም በአንድ ሳምንት በአነስተኛ መጠን፣ በተመሳሳይ ግንድ አምርቶ በእኩል ሚዛን ማወዳደር ስለሚያስችል ነው።

ጥንካሬን በአንድ ቁጥር ብቻ መለካትም ያሳስታል። በፈጣን መመርመሪያ ላይ ናሙናው የመመርመሪያውን መስመር የሚያልፈው በአጭር ጊዜ ውስጥ ስለሆነ ወሳኙ የመያዝ ፍጥነት ነው፤ ቀስ ብሎ የሚይዝ አንቲቦዲ፣ አንዴ ከያዘ ፈጽሞ የማይለቅ ቢሆን እንኳ፣ መስመሩ ላይ ደብዛዛ ቀለም ይሰጣል። ለሰዓት ያህል በሚቆይና በተደጋጋሚ በሚታጠብ ኤላይዛ ላይ ደግሞ አለመልቀቁ ይበልጣል። ሁለቱን ፍጥነቶች ለየብቻ የሚለካ መሣሪያ ያለው ቤተ ሙከራ እጩዎቹን ገና ሳይመርጥ ያስለካ።

አሁን ወደ ፋብ እመለሳለሁ። በአንዳንድ ሰዎች ደም ውስጥ የእንስሳትን አንቲቦዲ ግንድ የሚይዙ አንቲቦዲዎች አሉ፤ የሩማቶይድ ፋክተር የተባለው የሰው አንቲቦዲም እንዲሁ ያደርጋል። እነዚህ ያለ አንቲጂን መያዣውንና አሳዩን ድልድይ ሆነው ያገናኙና ሐሰተኛ ፖዘቲቭ ይሰጣሉ። ለሕመምተኛው ይህ ያልያዘውን በሽታ ይዞሃል መባል ነው። የተለመደው መፍትሔ ማገጃ ፈሳሽ መጨመር ነው፤ ከሥሩ የሚነቅለው ግን ከጥንዱ አንዱን ግንድ አልባ ማድረግ ነው። ይህን ዕድል በሃይብሪዶማ ለማግኘት አንቲቦዲውን በኢንዛይም መቁረጥ ይጠይቃል፤ በሪኮምቢናንት ፋብን ከመነሻው ማምረት ነው። ቅርጹ ሲቀየር የፕሮቲኑ የኤሌክትሪክ ጠባይም ስለሚለወጥ፣ በፈጣን መመርመሪያ ላይ ቀለም ከሚሰጠው የወርቅ ቅንጣት ጋር የሚያያዝበት የአሲድነት ልክ እንደገና መፈለግ አለበት። የቆየውን መመሪያ እንዳለ መጠቀም ቅንጣቶቹን ያጓጉላል።

ከህዋሱ ወጥቶ እስኪቀመጥ

አይጂጂን ለማጣራት ግንዱን የሚይዘው ፕሮቲን ኤ የተለመደ ነው፤ የአይጥ አይጂጂ 1 ግንድን ግን በደካማው ይይዛል። እንዲህ ያለ ግንድ የመረጠ ሰው ፕሮቲን ጂን ይጠቀም። አንቲቦዲው የሚለቀቀው በአሲድ፣ ወደ ፒኤች 3 ገደማ ነው። በዚህ አሲድ ውስጥ በቆየ ቁጥር የመጓጎል ዕድሉ ይጨምራል፤ ስለዚህ ትሪስ የተባለው ማርገቢያ በመቀበያ ቱቦው ውስጥ አስቀድሞ ተቀምጦ ጠብታው እንደወረደ ይርገብ። በኋላ ቀለም የሚያያዝበት ከሆነ ትሪስ ራሱ ቀለሙን ስለሚሻማ ፈሳሹ በፎስፌት ይቀየር። ሶዲየም አዛይድ ጥሩ መከላከያ ቢሆንም በኤላይዛ ቀለም የሚያወጣውን የፐሮክሲዴዝ ኢንዛይም ያዳክማል፤ ኤላይዛ ላይ ለሚውል ምርት አይጨመር።

በጄል ላይ ትስስሩ ከተፈታ በኋላ 50 እና 25 ኪሎዳልተን አካባቢ ሁለት መስመሮች፣ ሳይፈታ ደግሞ 150 አካባቢ አንድ መስመር ሊታይ ይገባል። ጄሉ ግን መጓጎልን አያሳይም፤ በመጠን የሚለይ ክሮማቶግራፊ የግድ ነው። ከዚያ አዲሱ ምርት ከነባሩ ሃይብሪዶማ ጎን ለጎን፣ ዒላማው ከጠፋበት ህዋስ ጋርም እየተነጻጸረ ይፈተሽ።

ራስ ማምረት ወይስ ማስመረት?

ህዋስ እያናወጠ የሚያሳድግ ኢንኩቤተርና በየሳምንቱ ህዋሱን የሚንከባከብ ሰው ከሌለ ሄክን ለሌላ ድርጅት መስጠት ይሻላል፤ ናኖቦዲን በኢ.ኮላይ ግን ማንኛውም የሞለኪውል ሥነ ሕይወት ቤተ ሙከራ ሊያመርት ይችላል። ለውጭ አምራች ሲሰጥ ውሉ ላይ የተጓጎለው መጠን ጣሪያ፣ ምርቱ የተቀመጠበት ፈሳሽ፣ ለህዋስ ሙከራ ከሆነ የኢንዶቶክሲን ልክ፣ የተጠቀሙበት የህዋስ ዝርያ በግልጽ ይጻፉ። ፕላዝሚዶቹም ከምርቱ ጋር እንዲመጡ ይጠየቅ። ገበያ ላይ ያለ ሪኮምቢናንት መግዛትም አማራጭ ነው፤ ይሁን እንጂ ሻጩ ቅደም ተከተሉን ከደበቀ ምርቱ ወጥ ይሆናል እንጂ የእርስዎ አይሆንም፤ ሻጩ ማምረቱን ያቆመ ዕለት በዚያ አንቲቦዲ ላይ የቆመው ምርመራ አብሮ ይቆማል። ስለዚህ መመርመሪያ ለመሥራት ያሰበ ሰው ዲዛይኑን ከማጽደቁ በፊት፣ የቅደም ተከተሉ ባለቤት ማን እንደሆነና ለንግድ መጠቀም ይፈቀድ እንደሆነ በጽሑፍ ምላሽ ይቀበል።